የማለዳው ሙቅ ውሃ

አማቴ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አይችሉም። ዝቅ ያደረጉ ይመስላቸዋል እንጂ የሽምብጥ ሰፈር ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል። አርብ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን በሳሙና እንደሸፈንሁ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ «ዓምደ ሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ፣ እንዳትለቃት። እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልውል ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ሳሙናው ዓይኔ ገባ። ውሃ አፍስሼ መታጠብ ሲገባኝ ጣሳውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። አቶ ዓምደ ሚካኤል የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ናቸው። አማቴና እሳቸው በየወሩ አሥራ ስድስት አንድ ጽዋ ይጠጣሉ። የዚያን ቀን ሊፈርሙልኝ፣ ካልሆነም ሊከለክሉኝ የነበረው ወረቀት ደግሞ የእኔ መልቀቂያ ነበር።

መልቀቂያ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። አንድ ገጽ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። ግን እሱን ካልያዝሽ የትም አትቀጠሪም። ሐዋሳ ያለው ፋብሪካ ፈትኖ አሳልፎኛል፤ እስከ ሰኞ መልቀቂያዬን ካላቀረብሁ ተጠባባቂውን ይጠራል። ባሌ ኪሩቤል ሐዋሳ ከተዛወረ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስቴ ተያይተናል፤ አንደኛው ለቅሶ ላይ ነው፣ እሱ አይቆጠርም። እኔ እዚህ ከእናቱ ጋር፣ በእናቱ ቤት፣ የእሱን ጋቢ ለብሼ እተኛለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባል አለኝ ስል አንዳንዴ ራሴን የምዋሽ ይመስለኛል።

ፊቴን ጠራርጌ ወጣሁ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሻዩን ቀድተው፣ ዳቦውን ከሁለት ከፍለው፣ ተለቅ ያለውን በእኔ በኩል አድርገው ተቀምጠዋል። ዳቦው ትናንት የተገዛ ነው አሉ፤ በአሥራ አምስት ብር ይህችን የምታህል ዳቦ መሸጥ ነውር መሆኑንም ጨመሩ። እኔም አዎ ነውር ነው አልሁ። ስለ ዳቦ እያወሩ ዓይናቸው ዓይኔን ይሸሻል። ዓይኔ ስለቀላ ምን ሆንሽ ብለው መጠየቅ ነበረባቸው፤ አልጠየቁም። እኔም ሰምቻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ከእኚህ ሴት ጋር ዓመት ከሰባት ወር አንድ ገበታ ቀርቤያለሁ፤ ስታመም እግሬን አጥበውኛል፣ ክፉ ቃል አውጥተውብኝ አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው ሲበድልሽ ምን ይባላል? ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ እንደ ወትሮው «በሰላም ዋይ» አሉኝ።

ፋብሪካችን ጨርቅ ያቀልማል። በማቅለሚያው ክፍል ሰው ቆሞ የሚያስገቡ ሦስት ገንዳዎች አሉ፤ እነሱን የሚያዝዘው አንድ ፕሮግራም ነው። የጻፈው ሕንዳዊ መሐንዲስ አገሩ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰው አንብቦ የሚረዳውን ጽሑፍ የያዘው ኮምፒውተርም ተቃጥሏል። የቀረን ባይትኮድ የሚሉት፣ ለሰው ዓይን የቁጥር ክምር የሆነ አንድ ፋይል ብቻ ነው። እሱን የሚያነብልን አስተርጓሚ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ከቁጥሩ አንድ አንድ እያነሣ፣ ይህን ቧንቧ ክፈት፣ ያንን ዝጋ፣ ቀለሙን አማስል እያለ ለማሽኑ ይነግራል። አስተርጓሚው ደግሞ አመለኛ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለ አሥራ አራት መስመር ማዘዣ ይፈልጋል፦ ፋይሉ የት እንዳለ፣ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ስንት ማህደረ ትውስታ እንደሚፈቀድለት፣ ጠዋት ሙቁ ውሃ ወደ ገንዳዎቹ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚለቀቅ። አንዱን ከተሳሳትሽ ወይ አልነሣም ይላል፣ ወይ ተነሥቶ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ከሁለት ዓመት በፊት አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት አስተርጓሚውን አዲሱ ላይ ለማስነሣት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የተነሣ ቀን አጨበጨቡልኝ፤ ለስላሳም ጋበዙኝ። ሞኝ ነኝ፣ ደስ አለኝ። እኔን እዚህ የሚቸነክረኝ ያ ጭብጨባ መሆኑን ያን ጊዜ ማን ይነግረኝ።

መልቀቂያ ስጠይቅ አቶ ዓምደ ሚካኤል አንቺ ሄደሽ ያ ነገር ቢቆምስ አሉ። ስድስት ወር ተከራከርን። በመጨረሻ ርክክብ ይደረግ ተባለ። የሥራ ባልደረባዬ ግሩም ብቻውን፣ አስተርጓሚውን አጥፍቶ ከባዶ ካስነሣው ይፈርማሉ፤ ካላስነሣው አይፈርሙም። ለግሩም አሥራ አንድ ገጽ ማስታወሻ በእጄ ጻፍሁለት፣ በአማርኛ፣ ሕፃን እንዲገባው አድርጌ። የይለፍ ቃሉንም አለቃችን ራሳቸው ቀየሩት፤ ከእሳቸውና ከግሩም በቀር ማንም እንዳያውቀው፣ እኔ ከውጭ ሆኜ እንዳላግዝ።

ያን ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ አቶ ዓምደ ሚካኤል ቀና ብለው አዩኝና አማትሽ ደውለው ነበር አሉ። መነጽራቸውን እየጠረጉ ቀጠሉ፦ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማኅበርተኛ ነን፣ እዚህ ግን ማኅበር የለኝም፤ ቃሌ ቃል ነው፣ ግሩም ካስነሣው እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ሰውየውን ወድጃቸው አላውቅም ነበር። ያን ሰዓት እጃቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ግሩም ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ወንበር ተሰጠኝ፤ እጅም አፍም እንዳላንቀሳቅስ ተነገረኝ። እጆቼን ጭኖቼ ሥር አስገብቼ ተቀመጥሁባቸው። አጠፋው። ሦስቱም ገንዳዎች ዝም አሉ፤ የክፍሉ ጩኸት ሲቆም ጆሮዬ ውስጥ ጭር አለ። መስመሮቹን ከማስታወሻዬ እያየ አንድ በአንድ መሙላት ጀመረ። ማህደረ ትውስታው ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ማለት ሲገባው ስድሳ አራት አለ። አስተርጓሚው ተነሣና ሁለተኛው ገንዳ ላይ ሲደርስ አልበቃኝም ብሎ ቆመ። ግሩም ላብ በላብ ሆነ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ገጽ ስድስትን መልሶ አነበበ፣ አስተካከለ፣ እንደገና አስነሣ። በዚህ ጊዜ ሄደለት። አንደኛው ገንዳ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አረንጓዴ መብራት በየተራ በራ። የቀረው አሥራ አራተኛው መስመር ብቻ ነበር፤ እሱን የሚጠይቀው ከተነሣ በኋላ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «የማለዳው ሙቅ ውሃ፦ 1 ሰዓት» ይላል። ግሩም እንደተጻፈለት 01:00 ብሎ አስገባ። አስተርጓሚው ተቀበለው። ለምን አይቀበልም? እሱ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ መቁጠር ነው፤ የእኛን ጠዋት አንድ ሰዓት ሰባት ብሎ ነው የሚያነበው። እሱ አንድ ሲል ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። እኔ እጄ ለምዶ ሁልጊዜ ሰባት ብዬ አስገባለሁ፤ በቋንቋዬ ስጽፍ ግን አንድ ብዬ ጻፍሁ።

አየሁት። አላየሁም ብዬ ብምል ያንቀኛል፤ አየሁት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የሌሊት ፈረቃ ጽዳት ሠራተኛዋ አገርነሽና ሁለት ጓደኞቿ ቦቲያቸውን ተጫምተው፣ ብሩሻቸውን ይዘው፣ ገንዳዎቹ ውስጥ ገብተው የቀኑን ቀለም ይፈገፍጋሉ። ክዳኑ ሲከፈት ውሃውን የሚዘጋው መቆለፊያ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ የጥያቄው ወረቀት ግዢ ክፍል ተኝቷል። የሚለቀቀው ውሃ ዘጠና ዲግሪ ነው። ይህን ሁሉ አሰብሁ፤ ሳስበውም አቶ ዓምደ ሚካኤል የእስክሪብቷቸውን ክዳን እየከፈቱ ነበር። በኋላ እደውልለታለሁ አልሁ በልቤ። ወጥቼ ለግሩም እደውልለታለሁ፣ አንዲት ቁጥር ናት፣ ይቀይራታል። ፈረሙ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ አሉበትና አሳረፉት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዜማ» አሉኝ። ግሩም አቀፈኝ፤ ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቧል። ወረቀቱን ይዤ ከአምስት ሰዓት በፊት ከግቢው ወጣሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ለግሩም መደወል አልነበረም። ይህንንም ልናገር። መጀመሪያ ያደረግሁት ሻንጣ መግዛት ነው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አለኝ ነጋዴው፣ በሦስት ሺህ ሁለት መቶ ተስማማን፤ ቡናማ፣ ባለ አራት ጎማ። እሱን እየጎተትሁ በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ሐይቁ ወረድሁና ለኪሩቤል ደወልሁ። ሰጡኝ ስለው አላመነም፤ አንብቢልኝ አለ፤ ከቀኑና ከቁጥሩ ጀምሬ እስከ ግልባጩ አነበብሁለት። አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁ። ዛሬውኑ የቤቱን ግድግዳ አስቀባለሁ፣ ምን ዓይነት ይሁን አለኝ። ነጭ ካልሆነ ሌላ ምንም ይሁን አልሁት። እናቴስ ምን አለች ሲለኝ ደስ ይላቸዋል አልሁ።

ለግሩም የደወልሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ለወንድሙ ሰርግ መራዊ እየገባ ነው፣ ከኋላው ዘፈንና ጭብጨባ ይሰማል። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «እኔ እኮ ያንቺን ነው የጻፍሁት» አለ። አውቃለሁ አልሁት። ሰኞ ጠዋት ገብቶ እንደሚያስተካክለው ነገረኝ፤ ሰኞ ሳይሆን ዛሬ ሌሊት ነው ስለው ይለፍ ቃሉን ልንገርሽ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፤ ወዲያው ግን አይ፣ አስፈርመውኛል፣ እንጀራዬ ነው አለ። ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ደውዪላቸው ብሎ ዘጋ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ሰውዬ ታንኳውን ከደንገሉ መሐል አውጥቶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሲባጎ እየሰካ ነው፤ አምስቱን በአራት መቶ ሃምሳ ውሰጂ፣ አርብ ስለሆነ ነው የረከሰልሽ አለኝ። አልፈልግም አልሁት። ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ለአገርነሽ ብቻ ብነግራትስ እያልሁ አሰብሁ፤ ግን አገርነሽን አለቃዋ ግቢ ካላት ትገባለች፣ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ገንዳ ነው። ስም ሳልናገር ለጥበቃው ብደውልስ አልሁ። የትኛው ጥበቃ ነው ማሽን የሚያስቆም? ሹልክ ብዬ ገብቼ እንዳላስተካክለው የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። መልቀቂያው ሻንጣው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። ባልመለስስ? ብዬ አሰብሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ። ከዚያ አገርነሽ በረመዳን ውሃ ስትጠጣ ከሙስሊሞቹ ጓደኞቿ የምትደበቅበት ሁኔታ ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ትዝ አለኝ። ተነሣሁና ባጃጅ ኮንትራት ያዝሁ። መቶ ሃምሳ አለኝ፤ ሳልከራከር ገባሁ።

የበሩ ጥበቃ ገድሉ ሻንጣውን አስከፈተኝ። ባዶ መሆኑን ሲያይ ግራ ገባው። ባዶ ሻንጣ ይዞ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ሰው ሲወጣ ምን ሊሞላበት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ የጠየቀው ከልቡ ነው። ወረቀቴን ከሻንጣው ኪስ አወጣሁና ሻንጣውን ገድሉ ዘንድ ትቼ ገባሁ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አብረን ወርደን፣ የይለፍ ቃሉን እሳቸው አስገቡ፣ ሰባቷን እኔ አስገባሁ። ማስታወሻውንም በእጄ አረምሁት፤ ከአንድ ሰዓት ጎን በቀይ «ማሽኑ ላይ 07:00» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቢሮ ተመልሰን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«መቼ ነው ያየሽው?» አሉኝ።

«ሲያስገባው።»

«ስፈርም ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን እኮ ተስተካክሏል፣ ግሩምም ሌላውን ሁሉ አውቆታል፣ የቀረችው ይህች ብቻ ነበረች፣ እሷም ተጽፋለች አልኋቸው። ልመናዬ ለራሴም ጆሮ አስቀያሚ ነበር። የሐዋሳው ፋብሪካ ከሰኞ በላይ እንደማይጠብቀኝ፣ ኪሩቤል ግድግዳ እያስቀባ መሆኑን፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። አዳመጡኝ፣ አላቋረጡኝም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ አባት፣ ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«እንደዚህች ያለ፣ እጅሽ ለምዶት ያልጻፍሽው ሌላ ስንት አለ?»

አሰብሁ። እውነቴን ነው፣ ልመልስላቸው ፈልጌ አሰብሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ ብቻውን የሠራውን፣ ጭንቅላቴ እንኳ ያላወቀውን ማን ይቆጥርልኛል? የለም ብል የአንድ ሰው ሕይወት ይዤ እምላለሁ። አለ ብል ራሴን አስራለሁ።

«አላውቅም» አልሁ።

«እንግዲያ አንቺው ፍረጂ» አሉ፤ መዳፋቸውንም ዘረጉ። ወረቀቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ አልነጠቁኝም። ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ወር፣ ከግሩም ጎን ሆነሽ ሁሉን እየጻፍሽ ትቆያለሽ አሉ፤ ለሐዋሳው ፋብሪካም ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ ቃል ገቡ። ደብዳቤው ተጠባባቂውን እንደማያስቆም ሁለታችንም እናውቃለን። መልቀቂያውን ለሁለት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ስወጣ የሌሊቱ ፈረቃ እየገባ ነበር። አገርነሽ ቦቲዋን በፌስታል አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማ ስትፈተሽ አገኘኋት። ሻንጣዬን ከገድሉ ስቀበል አየችና ሳቀች። «አንቺ፣ ገና አልሄድሽም እንዴ? እኔ እኮ ትናንት ተሰናብቼሽ አልቅሼልሽ ነበር፤ እንባዬን መልሺልኝ» አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ባትሄጂ ደስ ይለኛል፣ ያ ማሽን ያላንቺ አይገዛልንም አለችኝ። ግንባሬን ሳመችኝና ገባች። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ብዬ? ለአንድ ቀን ያህል ሸጬሽ ነበር ልበላት?

ቤት ስደርስ መሽቷል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሽሮውን አቅርበው፣ ሽንኩርቱን ከትፈው፣ መታጠቢያውን ይዘው ተነሡ። ሻንጣውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም ክፉ ነኝ፣ ትንሽ እንዲቆዩበት ተውኋቸው። እጄን ታጠብሁ፣ ተቀመጥሁ፣ አንድ ጉርሻ ጎረስሁ። ጨው በዝቶበታል። ከዚያ ጠዋት ስልኩን ሰምቻለሁ አልኋቸው። እንጀራውን በጣታቸው ይቆራርሳሉ፣ አይበሉም።

«አይጨነቁ፣ እማማ» አልሁ። «ያስቀሩኝ እርስዎ አይደሉም። እኔው ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሊገባቸው ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸው ግን ያ ፊታቸው ላይ የመጣው ደስታ፣ ሊደብቁት ሲታገሉ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲሰበስቡ ማየት ከቀኑ ሁሉ ከበደኝ። ልጠላቸው ፈለግሁ፣ አቃተኝ። ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። ጎረስሁላቸው።

በዚያው ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ኪሩቤል ነው። የግድግዳው ቀለም እየደረቀ ይሆናል፤ ፎቶ አንሥቶ ይሆናል። ሁለታችንም አየነው። አንዴ ጮኾ ጨረሰ፤ ወዲያው እንደገና ጀመረ። አንሥቼ ወደ አማቴ ዘረጋሁት።

«እኔ አልችልም። እርስዎ ይንገሩት።»

አልፈልግም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን አላጠፍሁም። በመጨረሻ ሽሮ በነካው እጃቸው ተቀበሉኝና ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ከወዲያ የኪሩቤል ሳቅ ይሰማኛል፤ ዜማዬ ሻንጣሽን ሞልተሽ ጨረስሽ ወይ እያለ ነው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞከሩ፣ እንደ ሁልጊዜው አልቻሉበትም።

«አለች፣ ልጄ» አሉ። «እዚሁ ናት። የትም አልሄደች።»